ይህን ስልክ ማን ያንሳው? የጥሪ አደላደል መንገዶች ሲነጻጸሩ

ልጅ እያለሁ ደምበጫ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት እላክ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ሁለት ወፍጮ አለው። አንዱ ለእህል፣ ሌላው ለበርበሬ። የእህሉ ሰልፍ ከበሩ አልፎ መንገድ ይወጣል። የበርበሬው አብዛኛውን ቀን ቆሞ ይውላል። አንድ ቀን አንዲት እናት ስልቻቸውን ተደግፈው፣ «አንተ ልጅ፣ ያኛው ሥራ ፈቶ የለም ወይ? የእኔን ጤፍ በእሱ ብትፈጭልኝ ምን ይልሃል?» አሉት። ባለወፍጮው መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ፣ «እሜቴ፣ እንጀራው ሲያቃጥልዎ ማንን ሊረግሙ ነው?» አላቸው። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ስቀው ተራቸውን ጠበቁ።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ባሕር ዳር አንድ ኮል ሴንተር፣ የደንበኞችን ስልክ የሚቀበል ቢሮ፣ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ስሆን ነው። 8 ኤጀንቶች፣ ማለት ስልክ አንሺ ሠራተኞች፣ ነበሩኝ። ጎበዝ ለመባል በሁለተኛው ሳምንት ለሁለት ከፈልኳቸው። 4ቱ የሒሳብ ጥያቄ፣ 4ቱ የምዝገባ ጥያቄ። ወረቀት ላይ ያምር ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ ግን የሒሳቡ መስመር ተጨናንቆ ሰው እየተሳደበ ይዘጋል፤ የምዝገባዎቹ ልጆች ሄድሴታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ጤፉ ተሰልፏል፣ የበርበሬው ወፍጮ ቆሟል። ባለወፍጮው ግን ምክንያት ነበረው። እኔ አልነበረኝም። የምዝገባ ልጆቹ የሒሳቡን ጥያቄ አሳምረው ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ያኔ ቢነገረኝ ብዬ የምመኘው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ዘርና መድኃኒት የሚያከፋፍል፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የብድር ተቋም የስልክ ክፍል የሚያደራጅ፣ ባሕር ዳር ላይ ዴሊቨሪ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ስልኩ ሲጠራ ለማን ይሂድ?

ከምርጫው በፊት ትንሽ ሒሳብ

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሒሳብ ሰው ነበር። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ ነበር። ስንት ሰው ሲደውል ስንት መስመር ይበቃል የሚለውን በሒሳብ የመለሰው እሱ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ዛሬም ኮል ሴንተሮች ስንት ሰው እንቅጠር ሲሉ የሚያሰሉት በእሱ ቀመር ነው። ነጻ ማስሊያዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ቀመሩን መሸምደድ አያስፈልግም። ውጤቱን ግን ማየት ያስፈልጋል።

በሰዓት 100 ስልክ ይመጣል እንበል። እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ይወስዳል። 8 ሠራተኞች ሁሉንም ዓይነት ስልክ የሚያነሱ ከሆነ ደዋዩ በአማካይ 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። እነዚያኑ 8 ሰዎች 4 እና 4 አድርጋችሁ ክፈሏቸው፤ ስልኩንም እኩል ለሁለት። ሥራውም ሰውም አልተለወጠም። መጠበቂያው ግን ወደ 38 ሰከንድ ያድጋል። አንዱ ቡድን ተጨናንቆ ሌላው ቆሎ ስለሚቆረጥም ነው።

«ግን ሁሉንም የሚያነሳ ሰው እንደ ልዩ ባለሙያ አይፈጥንም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እሱንም እናስላው። ሁሉን አንሺ በመሆናቸው እያንዳንዱ ስልክ ግማሽ ደቂቃ ቢረዝም፣ 8ቱ በአንድ ላይ ሆነው መጠበቂያው 31 ሰከንድ ገደማ ነው። አሁንም ከተከፈሉት ይሻላሉ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ከረዘመ ግን መጠበቂያው ወደ 96 ሰከንድ ይተኮሳል። ያኔ መክፈሉ ያዋጣል። እንግዲህ ልኩ እዚህ ላይ ነው። ሥራውን የማያውቅ ሰው ሲያነሳው ስልኩ በስንት ይረዝማል? መልሱ በሰከንድ ከሆነ አትክፈሉ። በደቂቃ ከሆነ ክፈሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ ያው 3 ደቂቃ ሆኖ 7 ሰው ሁሉንም ሲያነሳ መጠበቂያው 29 ሰከንድ ነው። አንዱ ቡና ሊጠጣ ወጣ፤ 6 ቀሩ። መጠበቂያው 106 ሰከንድ ይሆናል። ትንሽ ቡድን ውስጥ የአንድ ሰው ቡና ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። የእረፍት ሰዓት ፕሮግራም ሳታወጡ ስለ አደላደል አትጨነቁ።

ቀመሩ አንድ ድክመት አለበት። ስልኩ እንደ ካፊያ በተናጠል የሚመጣ አድርጎ ይቆጥራል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ እኛ ጋ ስልክ እንደ ሐምሌ ዶፍ ነው የሚወርደው። ለእንደዚያ ቀን ሌላ መላ ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሁሉም ጋ ይጥራ፣ ወይስ በቅደም ተከተል?

ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ካላችሁ ስልኩ ሁሉም ጋ ይጥራና የቀደመ ያንሳው። ይሠራል። 4 ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ሁሉም «እገሌ ያነሳዋል» ብሎ ይተያያል።

በቅደም ተከተል ማለት ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ ለአንደኛዋ፣ እሷ ከተያዘች ለሁለተኛው እያለ የሚወርድ ነው። ርካሽ የስልክ ማዞሪያ ሁሉ ይህን ይችላል። አንደኛዋ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ድምጿ ይዘጋል፤ የመጨረሻው ልጅ ፌስቡክ ያያል። እኔ አልመክረውም። ብቸኛ ጥቅሙ አዲስ ተቀጣሪን ከታች አስቀምጦ ቀስ እያለ ማለማመድ ነው።

ሰው ራሱ ያደላድለው የሚሉም አሉ። አንዷ አንስታ «ለእከሌ ላገናኝዎ» የምትልበት። ለትንሽ ቢሮ ደስ ይላል፤ ደዋዩ መጀመሪያ የሚሰማው የሰው ድምፅ ነው። ነገር ግን ሰው ባለበት አድልዎ አይጠፋም። አልሞን ስትሮውጀር የሚባል አሜሪካዊ ቀብር አስፈጻሚ ነበር። የከተማው የስልክ ኦፕሬተር የእሱን ደንበኞች ለተፎካካሪው እያገናኘችበት ተናዶ ነው አሉ፣ ያለ ሰው የሚያገናኝ ማዞሪያ የፈለሰፈው። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1891 አገኘ። ቴሌፎን ራሱ በቁጥር እንዲገናኝ ያደረገው የአንድ ነጋዴ ቅሬታ ነው ማለት ነው። እኛም ጋ ቢሆን ከባድ ደዋይ ሲመጣ ለማትወዳት ልጅ የምታስተላልፍ ተቀባይ አይቻለሁ።

ተራ በተራ ወይስ ብዙ ላረፈው?

እነዚህ ሁለቱ ይምታታሉ። ተራ በተራ ስልኩን በቁጥር ያከፋፍላል፤ ለአንተ አንድ፣ ለእሷ አንድ። ስልኮቹ እኩል ቢረዝሙ ኖሮ ፍትሐዊ ነበር። አይረዝሙም። አንዷ 12 ደቂቃ የፈጀ ክርክር ጨርሳ ሄድሴቷን ሳታወልቅ ተራዋ ይደርሳል። የአንድ ደቂቃ ስልክ ያነሳው ልጅ እኩል ይቆጠርለታል።

ብዙ ላረፈው የሚለው ግን የሚያየው ቁጥር አይደለም። ስልኩን ከዘጋ ረጅም ጊዜ የሆነውን ፈልጎ ለእሱ ይሰጣል። ከባድ ስልክ ያነሳች ልጅ ትንሽ ትተነፍሳለች። ከ4 እስከ 15 ሰው ላለው ቦታ እኔ ሳላቅማማ የምመርጠው ይህን ነው። አብዛኛው የኮል ሴንተር ሶፍትዌር ውስጥ አለ፤ ነጻ የሆኑት ውስጥ ጭምር። አንድ ድክመት ግን አለው። ተንኮለኛ ሠራተኛ ለአፍታ ራሱን «እረፍት ላይ» ያደርግና ይመለሳል፤ አንዳንዱ ሲስተም ያኔ ያለ ስልክ የቆየበትን ጊዜ ከዜሮ ስለሚጀምር ልጁ ከወረፋው መጨረሻ ይሄዳል። የኔ ልጆች ይህን ለማወቅ ሦስት ቀን አልፈጀባቸውም። ሲስተም ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

ተራ በተራን የምመርጠው ለስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ለሚመጣ ሥራ ነው። የቴሌግራም መልእክት፣ ቅሬታ ማመልከቻ፣ ትኬት (በቁጥር የተመዘገበ የደንበኛ ጥያቄ)። ይህ አንድ ቀን ቢያድር የማይሞት ሥራ ነው። «ራሳችሁ እየመረጣችሁ ውሰዱ» ግን አትበሉ። እኛ ብለን አይተነዋል። ቀላሉ በጠዋት ያልቃል፤ ከባዱ እስከ አርብ ያድራል።

በችሎታ ማደል፦ ጥሩውም መከራውም

የሲስተም ሻጮች ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳዩዋችሁ ይህን ነው። ደዋዩ ቁጥር ይጫናል፣ ሲስተሙ ጉዳዩን ለሚያውቀው ሠራተኛ ያደርሳል። የበርበሬው ወፍጮና የእህሉ ወፍጮ ማለት ነው። ጥያቄው፣ የእናንተ ሥራ እውነት በርበሬ አለበት ወይ ነው።

ጎጃም ውስጥ በርበሬ ሆኖ ያገኘሁት አንደኛ ነገር ቋንቋ ነው። ጎጃም ሁሉ አማርኛ ብቻ ይመስለዋል ለሩቅ ሰው። እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ቻግኒ አካባቢ የእናት ቋንቋው አውኚ፣ የአገው ቋንቋ፣ የሆነ ብዙ ሰው አለ። አማርኛ የሚችል ብዙ ነው፤ ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ግን በሁለተኛ ቋንቋው አይቆጣም፣ አያስረዳም። እኛ ጋ አንድ የባንጃ ልጅ ነበር። አውኚ የሚናገሩ እናቶች ሲደውሉ እሱ ጋ ሲደርስ ድምፃቸው ሲለወጥ ይሰማችኋል። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ 9 ደቂቃ የፈጀበትን እሱ በ3 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በሰከንድ ሳይሆን በደቂቃ ነው ልዩነቱ። እንዲህ ያለው ስልክ ለብቻው ይከፈላል።

ችግሩ እሱ ምሳ ሲወጣ ነው። ሲስተሙ በታማኝነት እሱን ይጠብቃል፤ ደዋይዋም ሙዚቃ እየሰሙ ይጠብቃሉ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ማንኛውም ችሎታ ቢያንስ ሁለት ሰው ይኑረው። ሁለተኛው እንደ አንደኛው ባይሆንም። ደግሞም ጊዜ አስቀምጡ፤ 30 ሰከንድ ከጠበቀ ያረፈ ሰው ሁሉ ያንሳው። የተሰባበረ መልስ ከሙዚቃ ይሻላል።

ሁለተኛው መከራ ጎበዝ ሰው ላይ ነው የሚወርደው። አንዲት ልጅ ነበረችን። የተናደደ ሰው ታበርዳለች፣ የተጠላለፈ ሒሳብ ትፈታለች። ስለዚህ ሲስተሙ ላይ «ቅሬታ» የሚለውን ችሎታ ሰጠናት። ከዚያ ወዲያ ከጠዋት እስከ ማታ የሚደርሳት ስድብና ለቅሶ ብቻ ሆነ። ቀላል ስልክ፣ «አመሰግናለሁ የኔ እናት» የሚባልበት ስልክ፣ ጠፋባት። ይባስ ብሎ የወሩ ውጤት ሲወጣ የእሷ አማካይ የስልክ ርዝመት ከሁሉ በላይ ሆኖ የመጨረሻ ደረጃ ወጣች። አለቆች ቁጥሩን አዩ፣ የደረሳትን ስልክ ግን አላዩም። እኔም አፌን ሞልቼ አልተከራከርኩም። በሁለተኛው ወር መልቀቂያ አስገባች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በችሎታ ካደላችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። ለጎበዙ ሰው ከባዱን ሁሉ ሳይሆን ከፍተኛ ድርሻ ወስኑ፤ ከሦስት ስልኩ አንዱ ቢበዛ። የሥራ ምዘናውም ያነሳውን የስልክ ዓይነት ይዞ ይሁን። የቅሬታ አንሺን ከምዝገባ አንሺ ጋር በደቂቃ ማወዳደር በሬን ከበቅሎ ጋር ጠምዶ ማረስ ነው።

ቁጥር ይጫኑ ስለሚለውም ጥቂት። ከ4 በላይ ምርጫ አታብዙ። አማርኛ በዚህ ያግዛል፤ «ስለ ብድር ለመጠየቅ 2ን ይጫኑ» ስንል ጉዳዩ ቀድሞ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰው አይረሳውም። ግን «ለሌሎች ጥያቄዎች» የሚል ምርጫ ካስቀመጣችሁ ግማሹ ሰው እሱን ይጫናል። ጆሮው ላይ የያዘውን ስልክ አውርዶ ቁጥር ፈልጎ መጫን ለአዛውንት ቀላል ሥራ አይደለም። እስኪያወርዱት ድምፁ ያልቃል።

ወደዚያው ሰው ይመለስ

ይህ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስለኛል። አንድ አባት ከደጋ ዳሞት ደወሉ። ሰላምታውን አደረሱ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እግዜር ምስጋና። ጉዳያቸው ላይ ሲደርሱ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንደገና ደወሉ፤ ሌላ ሰው አነሳ። ሰላምታው ከመጀመሪያው ተጀመረ። ተቋረጠ። ሦስተኛዋ ልጅ ስታነሳ፣ «ልጄ፣ ስንት ናችሁ እናንተ? ሁላችሁም ሰላም ትሉኛላችሁ፣ ማናችሁም አታውቁኝም» አሏት።

በ10 ደቂቃ ውስጥ ከዚያው ቁጥር የተደወለ ስልክ መጀመሪያ ላነሳው ሠራተኛ ይሂድ። እሱ ተይዞ ከሆነ 20 ሰከንድ ይጠበቅ፣ ከዚያ ያረፈ ይውሰደው። ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ አታድርጉት እንጂ፤ ሰው ሠራተኛ ይለምድና «እከሌን ስጡኝ» ማለት ይጀምራል፣ መስመራችሁም የእከሌ መስመር ይሆናል።

የቀሩት በአጭሩ

ለቪአይፒ ደንበኛ ቅድሚያ መስጠት ለትልቅ ባንክ ይሆናል። ትንሽ ቦታ ላይ ባለሱቁን አስቀድማችሁ ገበሬውን ስታስጠብቁ አንድ ቀን በገበያ መሐል ይሰማል። ቅድሚያ መስጠት ካለባችሁ ለሰው ሳይሆን ለጉዳይ ስጡ። ስልኩ የተሰረቀበትና ሒሳቡ ክፍት የቀረበት ሰው ማንም ይሁን ማን ይቅደም።

ሲስተሙ የደዋዩን ባሕርይ አጥንቶ ለሚስማማው ሠራተኛ ያገናኛል የሚል በኤአይ የሚሠራ አደላደልም ይሸጣል። የሚማርበት ብዙ ስልክና ብዙ ሠራተኛ ይፈልጋል። 8 ሰው ላለው ቦታ ምንም የሚመርጠው ነገር የለም፤ ሁለት ሰው ብቻ ነጻ በሆነበት ሰዓት ምን ሊያማርጥ?

ከሁሉ የሚሻለው አደላደል ሰው ጋ የማይደርሰው ስልክ ነው። 8028 የገበሬዎች መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጀመር ይህን አሳይቷል። ገበሬው ቋንቋውን መርጦ፣ ሰብሉን መርጦ፣ የተቀዳ ምክር ይሰማል። ማንም ሰው አይያዝም። የእናንተ ደዋዮች ግማሾቹ «ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ» የሚሉ ከሆነ ይህን ቀድታችሁ አስቀምጡት።

መልሶ መደወልንም አትናቁት። ነጻ መስመር ከሌላችሁ ደዋዩ የሚጠብቀው በራሱ ብር ነው። «ደውልልኝ» መልእክት መላክ የለመደ ሕዝብ መሆኑን አትርሱ። «ተራዎን ይዘናል፣ መልሰን እንደውላለን» የሚል ድምፅ አስገቡ፤ በሰዓቱም ደውሉ። ለዶፉ ቀን መላው ይህ ነው። መብራት በመጣበት ሰዓት 60 ሰው ባንዴ ቢደውል ማንኛውም አደላደል አያድንም። መዝግቦ በተራ መደወል ያድናል።

እንግዲህ የቱን?

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ደብተር ያዙ። እያንዳንዱ ስልክ ሲዘጋ ሠራተኛው አንድ ጭረት ያስምር። ስለ ምን ነበር፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ለሌላ ሰው ተላልፏል ወይ። በተለይ የተላለፈውን ቁጠሩ። ከ10 ስልክ አንዱ እንኳ የማይተላለፍ ከሆነ በችሎታ የምትከፍሉት ነገር የላችሁም። ከሦስት አንዱ እየተላለፈ ከሆነ በርበሬ አለ፤ የትኛው እንደሆነ ጭረቶቹ ይነግሯችኋል።

እስከ 3 ሰው ካላችሁ ሁሉም ጋ ይጥራ። ከ4 እስከ 15 ብዙ ላረፈው፣ የተቋረጠውን ወደዚያው ሰው፣ በችሎታ የሚከፈለው ቋንቋና አንድ እውነተኛ ልዩ ጉዳይ ብቻ። ከ30 በላይ ስትሆኑ መክፈል መጀመር ይቻላል፤ እያንዳንዱ ቡድን ራሱን የሚችል ቁጥር ስለሚኖረው። በ15 እና በ30 መካከል ያለው እንደ ሥራው ነው። እዚያ ላይ እኔም ሁለት ጊዜ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

አሁን የምሠራበት ቦታ 11 ነን። ከሰኞ እስከ ዓርብ አውኚና ቅሬታ ለየብቻ ይሄዳሉ፤ የቀረው ለማንም ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ገበያተኛው ከተማ ገብቶ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ ከአውኚው በቀር ሁሉንም ክፍፍል እናጠፋዋለን። የቅሬታ ልጆችም ምዝገባ ያነሳሉ። 8 ሰዓት ላይ ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ተራ በተራ ምሳ እንወጣለን፣ ሁለት ሁለት እየሆንን። ቆሎም አለ።